ማንም አያየኝም ብላ የጻፈችው

ትናንት ቅዳሜ ጠዋት፣ ከልብስ ማጠቢያው ውስጥ ካልሲ እያወጣሁ ሳለ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለች። ለእናቴ አይደለም የደወለችው፤ ለእኔ ነው።

«እጅሽ ነፃ ነው?» አለችኝ።

እርጥብ ካልሲ እንደያዝኩ «አዎ» አልኳት።

«እንግዲያው ቁጭ በይ። አዲስ የጻፍኩትን ላንብብልሽ።»

ማጠቢያው ላይ ተደግፌ መሬት ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል አነበበችልኝ። ስትጨርስ «ኦኬ» አልኩ። እሷም «አሜሪካዊት» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደስታዬን የማስቀምጥበት አጥቻለሁ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው ለሚያስተናግዱት ሰውዬ ሳይቀር ነገርኳቸው። «የአክስቴ ልጅ አነበበችልኝ» ስላቸው «ጌታ ይመስገን» አሉኝ፤ ምን እንዳነበበችልኝ ግን አልጠየቁኝም።

ይህቺ ልጅ አራት ወር ሙሉ አላናገረችኝም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ የተቀመጥኩትም ጥፋቴን ልጽፍ ነው። አምና ቢሆን በእንግሊዝኛ እንኳ አልጽፈውም ነበር። አሁን ግን በአማርኛ መጻፍ ችያለሁ፤ እዚህ ያደረሰኝ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅናት ነው።

ከመልኳ ይልቅ ድምፅዋን ነው የማውቀው። እናቴ በየጠዋቱ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ካለው ቤታችን፣ ከፎረስት ፓርክ ሰፈር፣ ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ የእሷ የድምፅ መልእክት በመኪናው ስፒከር ይከፈታል። ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። ታክሲ ውስጥ ስላየችው ሰውዬ ትናገራለች፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ትናገራለች፣ ምንም ያልሆነውን ነገር እያሳመረች ትናገራለችና እናቴ መሪውን እየመታች ትስቃለች። እናቴ በእኔ ቀልድ የምትስቀው ቀልዱ ካለቀ በኋላ ነው፣ ልክ እንደ ጨዋ እንግዳ። በእሷ ግን ገና ሳትጀምር ትስቃለች።

«ስሚያት እስቲ» ትለኛለች። «አማርኛ ማለት እንዲህ ነው።»

«አይ ኖው፣ ማም» እላለሁ፣ ወደ መስኮቱ ዞሬ።

እኔ ያኔ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም ነበር። ቃል ስጀምር ሁሉም ሰው ፊቱን ለሳቅ ያዘጋጅ ስለነበር በእንግሊዝኛ መመለስ ይቀለኝ ነበር። አንድ እሁድ እናቴ የዚያችን ልጅ የገና መልካም ምኞት በስልኳ ይዛ መጥታ ከአምልኮ በኋላ ለሴቶቹ ሁሉ አሰማች። ሴቶቹ «እሰይ፣ አንደበቷ» አሉ። እኔ ወንበር እያጠፍኩ ነበር። በሳምንቱ ከአምልኮ በፊት በሚሰጠው የአማርኛ ክፍል ተመዘገብኩ። አስተማሪያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ «ምን አነሳሳሽ?» ቢሉኝ «ባህሌን ለማወቅ» አልኩ። ውሸት ነው። የተመዘገብኩት ያቺን ልጅ ለመብለጥ ነው።

የእኔ ሙያ ሌላ ነበር። ሂልቶፕ ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ፣ የልጆች ብስኩት ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጎን፣ ስልክ አሰናዳ ነበር። አንድ ሰው ወደ አገር ቤት ሲሄድ ሁሉም ለዘመዱ ስልክ ይልክበታል። ስልኩ ደግሞ ባዶውን አይሄድም፤ አፑም ፎቶውም እዚሁ ተጭኖለት ነው የሚሄደው። ዋናው ቪፒኤኑ ነበር። ቪፒኤን ማለት ስልኩ ሌላ አገር ያለ መስሎ፣ በተሸፈነ መንገድ ወደ ኢንተርኔት እንዲወጣ የሚያደርግ አፕ ነው፤ መሃል ላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው ባለስልኩ የት እንደገባ አያይም። ሲበራ ስልኩ አናት ላይ ትንሽ የቁልፍ ሥዕል ትወጣለች። ስለዚህ እናቶቹ ስሙን ትተው «ያቺን ቁልፍ ጫኚልኝ» ነበር የሚሉኝ።

አሁን ስህተታችንን ልናገር። አዲስ ስልክ ሲከፈት ኢሜይል ይጠይቃል። አዲስ ኢሜይል ለማውጣት ደግሞ በባለቤቱ ቁጥር ኮድ ይላካል፤ ባለቤቱ ያለው አዲስ አበባ፣ ስልኩ ያለው ኮሎምበስ። ማን ይጠብቃል? ሁሉም ቤተሰብ የራሱን ኢሜይል እያስገባ ይልከዋል። በእናቴ ኢሜይል ብቻ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አንድ ስልክ ይሠራ ነበር። የአጎቴ ሚስት ሰርግ ላይ የተነሳችው ፎቶ፣ የማላውቀው ሰው የጥርስ ኤክስሬይ፣ የአንዲት ልጅ የሂሳብ ደብተር፣ ሁሉም እኛ ቤት ባለው ታብሌት ላይ ይመጣል። እንስቅበት ነበር። «ዛሬ እነ እከሌ ዶሮ ሠርተዋል» ትላለች እናቴ ፎቶውን እያየች። ነውር ነው ያለ አልነበረም። እዚህ ያለ ሰው እዚያ ያለውን ማየቱ ፍቅር ይመስለን ነበር።

ከዚያ አንድ ሰሞን እዚያ አፖቹ ተዘጉ። መልእክት የምንላላክበትም፣ ቪዲዮ የሚያዩበትም ተዘጋ። ቪፒኤን ያለው ሰው ለጥቂት ቀን ተነፈሰ፤ ቀጥሎ ቪፒኤኖቹ ራሳቸው ይዘጉ ጀመር። ማውረጃ ገጻቸው አይከፈትም፤ ትናንት የሠራው ዛሬ አይሠራም። ስልኩ ላይ የተገኘበት ሰው ይጠየቃል የሚል ወሬም ነበር። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሰዉ ግን ከልቡ ፈርቶ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ድምፅ ጠፋ።

እናቴ ጠዋት ጠዋት ስልኳን ታያለች፣ ታስቀምጣለች። መኪናው ውስጥ ዝምታ ሆነ። ልጻፈው እንግዲህ፤ ደስ አለኝ። ሌላ ሰው በፍርሃት ተቀምጦ እኔ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ስለ ኬሚስትሪ አስተማሪዬ አንድ ነገር በአማርኛ ነገርኳት፤ እየተንተባተብኩ። እናቴ ሳልጨርስ ሳቀች። ያን ቀን ትምህርት ቤት የገባሁት እየሮጥኩ ነው። እንዳይከፈት ተመኘሁ።

በዘጠነኛው ቀን እናቴ አዲስ ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «ሐሙስ እትዬ ይሄዳሉ፤ አሰናጂላት» አለችኝ። እትዬ ያለቻቸው ከመዘምራኑ ጋር የሚቀመጡ ሴትዮ ናቸው።

«ለማን?»

«ለማን ይመስልሻል?»

ስልኩን ይዤ ክፍሌ ገባሁ። ቁልፏን ሳልጭን ብልከው ማን ያውቃል? «እዚያ ሲደርስ ተበላሽቶ ይሆናል» ማለት እችላለሁ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ይህን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። በመጨረሻ ጫንኩላት። ደግነት አልነበረም፤ ሥራዬ ላይ ኩሩ ስለነበርኩ ነው። በነፃ የሚሰጡት ቪፒኤኖች የተጠቃሚውን ገመና መልሰው እንደሚሸጡ አንብቤ ስለነበር ጥሩውን መረጥኩ፤ አንዱ ቢዘጋ ብዬ ሁለተኛ ጨመርኩ። በወረቀት ላይም በአማርኛ ጻፍኩላት፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ደብዳቤ፦ «ቁልፏ ካልበራች ምንም አትክፈቺ። ቁልፏ በርታ ከሆነ ግን ማንም አያይሽም።» ከዚያ እንደ ልማዳችን የእናቴን ኢሜይል አስገብቼ አሸግኩት።

ስልኩ በደረሰ በማግስቱ ድምፅዋ ተመለሰ። እናቴ መኪናውን ዳር አቁማ ነው የሰማችው። መጨረሻ ላይ ለእኔ አንድ ቃል ነበር፦ «እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። አሁን ማንም አያየኝም።» እናቴ ጉንጬን ነካ አደረገች። እኔ «ክፍል ይረፍድብኛል» አልኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ከትምህርት ቤት መጥቼ ታብሌቱን ብከፍት ማስታወሻ መጻፊያው ላይ አዲስ ጽሑፍ አገኘሁ። አማርኛ ነው። የእናቴ የአስቤዛ ዝርዝር መስሎኝ ከፈትኩት። አልነበረም። የእሷ ነበር፤ ስልኳ ላይ የምትጽፈው ሁሉ በእናቴ ኢሜይል በኩል ወደ እኛ ይመጣል። እዚያ ላይ ልዘጋው ይገባ ነበር።

አልዘጋሁትም። በየቀኑ አነበብኩ። ስለ ሰፈሯ ትጽፋለች፣ ኢንተርኔት ስለተዘጋበት ሳምንት ትጽፋለች፣ ተይዞ ስለተፈታ አንድ አስተማሪዋ ትጽፋለች። ለማንም ብላ የጻፈችው አይደለም፤ ለራሷ ነው፣ ማንም አያይሽም ስላልኳት። እያነበብኩ ጥርሴን እነክሳለሁ። እኔ ከጋሼ ጋር አንድ ገጽ ለመሙላት አንድ ሳምንት ስፈጅ እሷ ታክሲ ውስጥ ቆማ በአውራ ጣቷ የጻፈችው እንዲህ ያምራል። አንዳንዱን ቃል ለመረዳት መዝገበ ቃላት እከፍት ነበር። በገዛ ቅናቴ ላይ መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ስለ እናቴ የጻፈችውን አገኘሁ።

እናቴ ክሊንተንቪል በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት በቤታቸው ትንከባከባለች። የማውቀው ይህን ያህል ነው። የአክስቴ ልጅ ግን እንዲህ ትላለች፦ አክስቴ ወደ ቤቱ ከመግባቷ በፊት መኪናዋን ከትልቁ ዛፍ ሥር ታቆማለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ እግሯን ሰቅላ ትደውልልኛለች። አሥር ደቂቃ የራሷ ናት። ጎረቤቱ ውሻውን ይዞ ሲያልፍ እጇን ታነሳለታለች፤ ስሟን ሳይጠይቃት ሁለት ዓመት ሆነው። አንድ ቀን ወሬ ስታወራኝ ድንገት ዝም አለችና «ደከመኝ» አለችኝ። ለልጅሽ ንገሪያት ብላት፣ «ልጄ የምታዝንልኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔን የሚደክመኝ ግን በአማርኛ ነው» አለችኝ።

ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናቴ ደከመኝ ብላኝ አታውቅም። ስንት ጊዜ «ሃው ዋዝ ወርክ?» ብያት «ፋይን» እንዳለችኝ ቆጠርኩ። ያ ዛፍ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም፤ እዚያ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ የተቀመጠችው ልጅ ግን ታውቃለች። በዚያች ደቂቃ ጠላኋት። አጋንኜ አይደለም፤ በደንብ ጠላኋት።

በዚያው ሳምንት ጋሼ «ስለምትወዱት ሰው ሁለት ገጽ ጻፉ» ብለው ነበር። ደብተሬን አወጣሁ። «አክስቴ» የሚለውን ሁሉ «እናቴ» አደረግኩት። ስለ እኔ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዘለልኩት። ሌላውን እንዳለ ቃል በቃል በእጄ ገለበጥኩት።

እሁድ ጠዋት ቆሜ አነበብኩ። ሁልጊዜ ጀርባ ተቀምጠው ስልክ የሚጫወቱት ልጆች እንኳ ቀና አሉ። ስጨርስ ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ እኔ ከዚህ በላይ የማስተምርሽ የለም» አሉኝ።

በደስታ ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ለአምልኮ ቀደም ብላ መጥታ ኖሯል። ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል። ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣች፤ ተከተልኳት። ከኋላ ወንበር ገባሁ። ለአክስቴ ልጅ ደወለች፤ ስልኳን ከመኪናው ጋር አገናኝታ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁት።

«የነገርኩሽን ሁሉ ለልጄ ትነግሪያለሽ?» አለቻት።

«ኧረ እኔ? ምን ነገርኳት?»

«ዛፉን። ጫማዬን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆማ ስታነበው ሰማሁ እኮ።»

«አክስቴ ሙቺ፣ ለማንም አልተነፈስኩም።»

«ታዲያ ከየት አመጣችው?»

የአክስቴ ልጅ ድምፅ በጣም አንሶ መጣ። «ጽፌዋለሁ። ስልኬ ላይ። ማንም አያየውም ብዬ።» ቀጥላም፣ «ኮሎምበስ ከደረሰማ ያልደረሰበት የለም ማለት ነው።» መስመሩ ተቋረጠ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እኔ ነኝ» ብል ያልቅ ነበር። እናቴ በመስተዋቱ አየችኝ። «ኢንተርኔት ላይ አገኘሽው?» አለችኝ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ። መልስ አልነበረም፤ እሷ ግን እንደ አዎ ወሰደችው።

ቤት እንደደረስን ታብሌቱን ይዤ ክፍሌ ገባሁ። ጽሑፎቹ ሠላሳ አንድ ነበሩ። እያየሁ ሠላሳ ሆኑ። ከዚያ ሃያ ዘጠኝ። እዚያ ተቀምጣ አንድ በአንድ እያጠፋች ነው። ገብቶኛል፤ የሚከታተሏት ሰዎች ስልኳ ውስጥ የገቡ መስሏት ነው። ስለ አስተማሪዋ የጻፈችው ጠፋ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ የጻፈችው ጠፋ። ስለ ውሻው ምን ያስፈራታል? ግን አጠፋችው። ስልኬ አልጋው ላይ፣ ክንዴ ሥር ነበር። ብደውል ትተዋለች። ብደውል ግን ታውቀኛለች። የመጨረሻው እስኪጠፋ ድረስ እያየሁ ተቀመጥኩ። እውነቱ ይህ ነው።

አራት ቀን ሳልናገር ቆየሁ። እሷ ስልኳን ዘጋች። አክስቴ በሌላ ሰው ስልክ ደውላ «ልጅቷ እህል አልቀምስ አለች፣ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች» አለቻት ለእናቴ። እናቴም ለራሷ «ምን ነክቶኝ ነው ልጅ ላይ የጮህኩት» ትላለች እቃ እያጠበች። ሁለቱም የሚሠቃዩት በእኔ ነው፣ ሁለቱም ደግሞ አያውቁም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ወጥቼ አውቶቡስ ያዝኩ፤ ሃይ ስትሪትን ይዤ ወደ ክሊንተንቪል ሄድኩ። የአሮጊቷን አድራሻ ከእናቴ የሥራ ፕሮግራም ላይ አይቼ ነበር። ዛፉን ለማግኘት አልተቸገርኩም። እናቴ እውነትም ጫማዋን አውልቃ ነበር፤ ግን የምትደውልላት ሰው ስለሌለ ዝም ብላ ተቀምጣለች። መስኮቱን ሳንኳኳ ደነገጠች።

«ምን ሆንሽ? ማን አመጣሽ?»

«አይ ዲድ ሰምቲንግ...»

«በአማርኛ ንገሪኝ» አለችና ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ በሩን ከፈተችልኝ።

ነገርኳት። ስለ ኢሜይሉ፣ ስለ ታብሌቱ፣ ስለ ደብተሬ፣ ሲጠፉ እያየሁ ስለመቀመጤ። የግሥ መጨረሻዬ ተደበላለቀ፣ አንድ ቦታ ላይ እሷን ራሷን «አንተ» ብያታለሁ መሰለኝ፤ አላረመችኝም። የዘለልኩትንም ዓረፍተ ነገር ነገርኳት።

«ይህን ያህል ከፋሽ?» አለችኝ።

«በእሷ ትስቂያለሽ» አልኳት። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የወጣኝ ግን የአምስት ዓመት ልጅ ቃል ነበር።

አልሳቀችም። ጫማዋን አደረገች፣ ለአሮጊቷ ቤተሰብ አሥር ደቂቃ እንደምትዘገይ ነገረች፣ የአክስቴን ስልክ ደወለች። ልጅቷ መስመር ላይ ስትመጣ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ማንም አልገባብሽም። ስልክሽ በእናቴ ኢሜይል ስለሆነ የምትጽፊው እኛ ጋ ይመጣል። እኔ ነኝ ያነበብኩት።»

«እኔ እኮ መንግሥት መስሎኝ ነው» አለች። ከዚያም፣ «መንግሥት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሱን እጠብቀው ነበር።»

«ይቅርታ።»

«ሁሉንም አጠፋሁት። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ሲጠፉ አይቻለሁ።»

«እያየሽ?»

«እያየሁ።»

ስልኩን ዘጋችው። አራት ወር የሆነው ከዚያ ቀን ነው።

ለጋሼም ነገርኳቸው፤ ጽሑፉ የእኔ አይደለም ብዬ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በወጣትነታቸው የሰው ደብዳቤ በእንፋሎት ተከፍቶ ተነቦ መልሶ ይጣበቅ እንደነበር አወሩኝ። «እኛ ግን ሙጫውን አይተን እናውቅ ነበር። ፖስታው ይጨማደዳል። የእናንተ ፖስታ አይጨማደድም፤ ስለዚህ ከፋቹ ራሱ ካልተናገረ ማንም አያውቅም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቪፒኤን ክርክር ስሰማ ይህ ይመጣብኛል። እዚህም ክርክር አለ። የትምህርት ቤት ላፕቶፔ ላይ መጫን ክልክል ነው፤ ዕድሜ ለማረጋገጥ ሰው ሁሉ መታወቂያ ያሳይ የሚሉ አሉ፣ መሸሸጊያው ይዘጋ የሚሉም አሉ። ሁሉም «ለደኅንነታችሁ ነው» ይላሉ። እኔም ታብሌቱን ስከፍት ለራሴ ምክንያት አላጣሁም ነበር፤ «ደህና መሆኗን ልይ» እል ነበር።

ሥራዬን ከሥሩ ቀየርኩ። አሁን ማንም ስልክ ሲያመጣ፣ ባለቤቱ እዚያ ሆኖ ኮዱን እስኪያነብልን እንጠብቃለን፤ እያንዳንዱ የራሱ ኢሜይል፣ የራሱ የይለፍ ቃል። እናቶቹ ተቃወሙኝ።

«እና አሁን የልጄን ፎቶ እንዳላይ ነው?» አሉኝ አንዷ።

«ከላከችልዎ ያያሉ፣ እትዬ።»

«ሳትልክ ነበር እኮ የማየው።»

«እሱ ነው ችግሩ።»

«ይቺ ልጅ አማርኛ ከተማረች ወዲህ አስቸገረች» ብለው ለጎረቤታቸው ነገሯቸው፤ ስልኩን ግን ሰጡኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። እሷ ካጠፋችው ሁሉ የተረፈው፣ እኔ ሰርቄ ደብተሬ ላይ የገለበጥኩት ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ልልክላት ስነሳ መጀመሪያ ፎቶ ላነሳው ስልኬን አወጣሁ፤ ለራሴ ላስቀር። በጣም ስለሚያምር። ፎቶውን አነሳሁት። አንድ ቀን አስቀምጬው ዋልኩ፣ ከዚያ አጠፋሁት። «አክስቴ» የሚለውን ቦታው መለስኩ፣ የዘለልኩትን ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፣ ገጾቹን ቀድጄ ፖስታ ውስጥ አሽጌ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ። «ይህ ያንቺ ነው። እኔ ጋ ምንም አልቀረም» ብቻ ነው የጻፍኩት። መልስ አልመጣም። እየጠበቅኩ ሳለ የራሴን መጻፍ ጀመርኩ፤ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ መኪናው ዝምታ። መጥፎ ነበር፤ ግን የእኔ ነበር።

ትናንት ያነበበችልኝ ስለ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ኢንተርኔት በተዘጋበት ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ተሰልፎ፣ ባለቤቱ ስለ ሁሉም ሰው ጉዳይ ሳይፈልግ እንዴት እንዳወቀ። ስለ እኔ አንድም ቃል የለበትም። ይህም ትንሽ አስቀናኝ፤ እንዳልተለወጥኩ እወቁ። እንዲያውም ስታነብ እናቴ በኮሪደሩ አልፋ ቆም ብላ ስትሰማ አየኋትና «ይህ የእኔ ስልክ ነው» ብዬ በሩን በእግሬ ገፋሁት። እናቴ ከውጭ ስትስቅ ሰማኋት።

«አንቺስ ጽፈሻል?» አለችኝ ስትጨርስ።

አነበብኩላት። ሁለት ቦታ አስቁማ አረመችኝ፤ አንድ ቦታ «እዚህ ጋ ዋሽተሻል፣ እንደገና ጻፊው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ከዚያ በየእሁዱ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር እንደሚሰበሰቡ ነገረችኝ። ከወረቀት ነው የሚያነቡት። ማንም አይቀዳም፣ ማንም ፎቶ አያነሳም፤ ጽሑፉ ከባለቤቱ ጋር መጥቶ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። «በስልክ ግቢ» አለችኝ። «አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ ከእናንተም የሚጽፍ ካለ ይምጣ። በአማርኛ የሚንተባተብም ይምጣ።»

አደራዋን ይኸው አደረስኩ። የምንገናኘው እሁድ፣ በኮሎምበስ ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ዘጠኝ ላይ፣ በምድር ቤቱ የአማርኛ ክፍል ነው። ጋሼ ፈቅደዋል። ስልካችሁን በሩ ላይ ባለው ቅርጫት ትተዋላችሁ፤ አንድ ስልክ ብቻ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል፣ እነሱ የሚሰሙን በእሱ ነው። ራቅ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ሰው ፈልጉና ባላችሁበት ጀምሩ። ለማንም ያላሳያችሁት ገጽ ካላችሁ እሱን ይዛችሁ ኑ፤ ማንበብ ካልፈለጋችሁም በኪሳችሁ እንዳለ ተቀመጡና ስሙን።